ሃያ አንድ ከዘጠኝ ይቀድማል

መጋቢት 4 ቀን 2001

ይህ ደብተር የባዮሎጂ ነበር። ስለ ልብ ክፍሎች የጻፍኩባቸውን ሦስት ገጾች ቀድጄ ጣልኳቸው። በአማርኛ የምጽፈው ኤዶ ዐዎ ሶማልኛ ማንበብ ስለምትችል ነው።

ኤዶ ዐዎ የአባቴ እህት ናት። ለሦስት ቀን ለቅሶ መጥታ ዛሬ ሃምሳ ሦስተኛ ቀኗን ያዘች። እህቴ ሳብሪንም ከሞተች ሃምሳ ሦስት ቀኗ ነው። ከሸደር ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ። ሾፌሩ እጁን ብቻ ተጫረ። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ሁለት ሳህን ሩዝ በላ። ሦስተኛውን ሳህን ከፊቱ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ኤዶ ዐዎ የካሴቱን ነገር አነሳች። "ያ ድምጿ ያለበት ካሴት የት ገባ?" አለች። ሳብሪን ለሥልጠና አዲስ አበባ ዘጠኝ ወር ስትቆይ ደብዳቤ አልጻፈችም፤ እናታችን ሆዮ አታነብም። እዚህ አገር ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ካሴት ላይ አውርታ በአውቶቡስ ትልክ ነበር። የሚመላለሰው አንድ ካሴት ነው። እሷ ያለችውን እንሰማለን፣ በላዩ መልሳችንን እንቀዳለን፣ እንልካለን። የመጨረሻው የእሷ ነበር፤ እሱም እኛ ጋ ቀረ።

ቤቱን ሁሉ ፈለግን። እኔ ከሁሉም በልጬ ፈለግኩ። ፍራሽ ገለበጥኩ፣ የዱቄት በርሜል ውስጥ እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩ። ሆዮ አልፈለገችም። በር ላይ ተቀምጣ አየችን።

መጋቢት 9

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ካሴቱ ላይ ኳስ ቀድቼበታለሁ። አምና፣ የዋንጫውን ፍጻሜ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ፣ ከሬዲዮ። ሱቅ ሄዶ ባዶ ካሴት መግዛት ሰንፌ።

ያን ጊዜ ሳብሪን ቤት ነበረች። ቀኑን ሙሉ ታወራለች። የድምፅ እጥረት አልነበረብንም። ደግሞ ካሴቱ ድሮም በላዩ ሲቀዳበት የኖረ ነው። (ይህን ምክንያት ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር። ተጽፎ ሳየው አያምርም።)

ከሞተች በኋላ ካሴቱን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወረወርኩት። ባለፈው ሳምንት ሳየው የለም። ስለዚህ ሁለት ጥፋት አለ፤ አንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሌላውን የሠራውን አላውቀውም።

አንድ መላ አለኝ። ሳብሪን ትሠራበት የነበረው የጥናት ቤተ መጻሕፍትና መዝገብ ቤት። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሽማግሌዎች ተረት በካሴት ስትሰበስብ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አፏን ከፍታ መሆን አለበት።

መጋቢት 10

ሄድኩ። ዘበኛው ኢሴ ወንበሩን በሩ መሐል አድርጎ ተቀምጧል።

"ደብዳቤ?"

"የሳብሪን ወንድም ነኝ።"

ተነሳ። ሁለቱንም እጄን ያዘ። "አላህ ይርሐማት። እንዲህ ያለች ልጅ የለችም" አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ተቀመጠ።

"ደብዳቤ?"

መጋቢት 17

ደብዳቤው በአንድ ሳምንት ወጣ። ርዕሰ መምህሩ "ተማሪው ለሚያደርገው ጥልቅ ምርምር" ብለው ጽፈዋል። በኬሚስትሪ ከአርባ አሥራ ስምንት ያመጣሁ መሆኔን አልጠቀሱም።

ካሴቶቹን የያዘችው ወይዘሮ ለተሥላሴ ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። መደርደሪያዎቹ ከጀርባዋ ናቸው፤ ከእሷ ሌላ ማንም አይገባም። ወረቀት ላይ ቁጥር ትጽፍላታለህ፣ እሷ ታመጣለች።

"የሳብሪን ዐብዲጀባርን ካሴቶች ፈልጌ ነበር።"

"ቁጥሩን ጻፍ።"

"ቁጥሩን አላውቅም። የማውቀው ስሟን ነው።"

"ስም ያለው ሰው ነው። ቁጥር ያለው ካሴት ነው።" ቀና ብላ ፊቴን አየች። ከዚያ ጆሮዬን። "ወንድሟ ነህ" አለች። አላለቀሰችም። ወንበር ጎተተችልኝ፤ አንድ ካሴት አውጥታ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አሳየችኝ።

ካ
398.9
ጉሬ
96

"ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚነበበው። ካ ካሴት ነው፤ መጽሐፍ መሐል አትፈልገው። ሁለተኛው መስመር ጉዳዩ ነው። 398 የሕዝብ ቃል ሁሉ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ይከፋፈላል። .21 ተረት፣ .6 እንቆቅልሽ፣ .9 ምሳሌያዊ አነጋገር። ሲደረደርም በዚሁ ተራ ነው።"

"ሃያ አንድ ከዘጠኝ ቀድሞ?"

"ሃያ አንድ አይደለም። ሁለት፣ ከዚያ አንድ። ሁለት ከዘጠኝ ይቀድማል። አምስተኛ ክፍል አልተማርክም?"

ኢሴ ከበሩ ሆኖ፣ "እትዬ ይህን ስትል ሰባት ዓመት ሰማኋት" አለ። "ፍየል ቆጥራ አታውቅም።"

ሦስተኛው መስመር የሰው ስም ነው። የቀዳው ሰው መስሎኝ ነበር። አይደለም።

"የተናገረው ነው። የቀዳው ሥራውን ሠራ፣ ደሞዙን በላ። ስሙም የመታወቂያው ሳይሆን የሚጠራበት። በመታወቂያ ስሙ ፈልጊ ብትለኝ ከዚህ እስከ ሽንሌ መቶ ሽማግሌ አመጣልሃለሁ። ጉሬ ካልከኝ ግን ግራኙ አንድ ነው። የመጨረሻው መስመር የተቀዳበት ዓመት ነው፤ 96 ማለት 1996።"

እውነቷን ነው። ቅጽል ስም የሌለው የጅግጅጋ ሰው ገና አልተወለደም። እኔም አለኝ። ያወጣችልኝ ሳብሪን ናት። እዚህ አልጽፈውም።

መጋቢት 24

የሳብሪን ካሴቶች የትኞቹ እንደሆኑ የሚያሳይ ዝርዝር ፈለግኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሙላቱ በደስታ ቢሮ አስገባኝ። አዲስ ኮምፒውተር አለው፤ ላስቲኩ ገና አልወለቀም።

"ድሮ በካርድ ነበር። አሁን ሁሉም እዚህ ነው" አለ። ከፈተው። ሦስት መቶ አርባ ካሴት፣ በየመስመሩ አንድ ዓምድ፦ "ደራሲ፦ የለውም። ደራሲ፦ የለውም። ደራሲ፦ የለውም።"

"ለምንድን ነው የሌላቸው?"

"ባለሙያው እንዲህ ነው የሞላው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው" አለ፤ ይህ መልስ የሆነ ይመስል።

ስወጣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፉ አገኘሁ። መዝገብ ቤቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ስለሚዛወር ከግንቦት 28 በኋላ "ላልተወሰነ ጊዜ" አገልግሎት ያቆማል። ካሴቶቹ በሣጥን ታሽገው መጋዘን ይገባሉ። አዲሱ ሕንፃ ገና ጣሪያ የለውም፤ በትምህርት ቤት መንገዴ ላይ ነው፣ ፍየል ይውልበታል።

ስለዚህ ግንቦት 28። ከዚያ በፊት።

ሚያዝያ 2

የድሮዎቹን ካርዶች ግርጌ ግርጌ አንድ በአንድ አየሁ። ከታች በጥቃቅን ፊደል የጠያቂው ስም ምልክት አለ፦ "ጠ፡ ሳ.ዐ."። ሥልሳ አንድ ካርድ። በቀን ሦስት ካሴት ብቻ ይፈቀዳል።

ዛሬ የመጀመሪያውን ሰማሁ። ጉሬ ስለ አንድ ግመል አርባ ደቂቃ ተናገረ። ግመሉ መጨረሻ ላይ ጠፋ፤ እኔ መጀመሪያውኑ ጠፍቼ ነበር። ሳብሪን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ጊዜ ብርጭቆ አስቀመጠች። አፍንጫዋ ግን ይሰማል። ሲተነፍስ የሚያፏጨውን አፍንጫ አውቀዋለሁ፤ ስንት ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ሚያዝያ 8

ዘጠኝ ካሴት። ዘጠኝ ሽማግሌ። ቃል የለም።

ወይዘሮ ለተሥላሴን ጠየቅኳት። "ለምንድን ነው የማታወራው?"

"የጥሩ ጠያቂ ድምፁ አይሰማም። ዝም ካልክ ሽማግሌው ይናገራል። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

"ጎበዝ አስተማሪ ነዎት፣ እትዬ" አልኩ።

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ብዙ ጠረገች። ካርዶቹን ወደ መሳቢያው ስመልስ ተሳስቼ .9ኙን ከ.21 አስቀድሜ ከተትኩ። አይታ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 11

የባትሪ ድንጋይ እንደገና አለቀ። በወር ሦስተኛ ጊዜ። ኤዶ ዐዎ ከሰዓት በኋላ ቴፑን ይዛ ሆዮ ክፍል ትገባለች። ዜና ነው ትላለች። ዓለም ላይ ይህን ያህል ዜና የለም።

ስለ ካሴቱ መጠየቅ ግን አቁማለች። ረስታዋለች። የአዋቂ ሐዘን እንዲህ ነው፤ ሁለት ወር ይጮሃል፣ ከዚያ ሩዙ ስንት ገባ ይላል።

ሚያዝያ 15

ወይዘሮ ለተሥላሴ ለፋሲካ እረፍት ወጥታለች። አቶ ሙላቱ ስብሰባ ነው። ካሴት የሚያወጣውና የሚመልሰው ኢሴ ነው። ክብሩ ጨምሯል፤ መነጽር የለውም እንጂ ክሩን አንገቱ ላይ ያስር ነበር።

ማታ እራት ላይ ሆዮ በድንገት፣ "ዐብዲ፣ አሥር ቁጥሩ ለምንድን ነው ከሜዳ የወጣው?" አለችኝ።

"የቱ አሥር ቁጥር?"

"ምንም። እንዲሁ ነው።"

እናቴ በሕይወቷ ኳስ አይታ አታውቅም። በግቢያችን የወደቀ ኳስ በቢላ ቀድዳ ነው የምትመልሰው። ኤዶ ዐዎን ለብቻዋ ጠርቼ፣ ሐዘኑ ራሷ ላይ የወጣ መሰለኝ አልኳት። ኤዶ ዐዎ ሳቋን ዋጠችና ቁርዓን እናስነብብላታለን አለች። በሰው ሐዘን የሚያስቃት ምን እንደሆነ እንጃ።

ሚያዝያ 21

ትግሉ የወታደር ልጅ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ ነን የምንቀመጠው። ዛሬ የመለያ ቁጥሮች የጻፍኩበትን ወረቀት አየ።

"ይሄ ሎተሪ ነው?"

"ካሴት ነው።"

"ፊዚክስን እንዲህ ብታጠና እስካሁን ሮኬት ነበርክ። ጆሮህማ ክንፍ ይሆናል።"

መታሁት። መታኝ። ከዚያ ስለ ሳብሪን ነገርኩት፤ ስለ ኳሱ ግን አልነገርኩትም። ወረቀቱን መለሰልኝና፣ "እኔ አጎቴ ሲሞት ሸሚዙን ለብሼ ትምህርት ቤት መጣሁ። አንተ ደረት የሌለው ዶሮ መሰልክ አልከኝ" አለ።

ብያለሁ። አስታወስኩ።

ግንቦት 3

አርባ አንድ ካሴት። እስካሁን ያገኘሁት የእህቴ ድምፅ፦ ሳል አራት ጊዜ። ብርጭቆ አሥራ አንድ። አንድ "እህ"። የቱሊ ጉሌዱ ቢዳር፣ መላጣው፣ ተረቱን ሲጨርስ "ገባሽ?" አላት። ትንፋሼን ያዝኩ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች መሰለኝ። ቢዳር፣ "ጥሩ" አለ።

ጭንቅላት መነቅነቅ በካሴት አይቀዳም።

ግንቦት 14

ዝናብ። ቸኩያለሁ። ሃምሳ ሦስት ካሴት።

ኤዶ ዐዎ ሆዮን ስታናግር ከመስኮቱ ሥር ሰማኋት። "ይህ ልጅ አንድ ቀን አላለቀሰም። ልቡ ምንድን ነው?"

ሆዮ፣ "ተዪው። እየፈለገ ነው" አለች።

ምን እየፈለገ? ማን ነገራት?

ግንቦት 26

ሥልሳ አንድ። አለቀ። ሳብሪን የለችም።

ግማሹ መደርደሪያ በሣጥን ታሽጓል። ወይዘሮ ለተሥላሴ የመጨረሻውን ካሴት ከእጄ ስትቀበል ፊቴን አይታ ተቀመጠች።

"ምንድን ነው የምትፈልገው፣ ልጄ? ተረት እንዳልሆነ ካወቅኩ ቆይቷል።"

ነገርኳት። ኳሱንም። ከዚህ ደብተር ሌላ ይህን የሰማ እሷ ብቻ ናት።

ብዙ ዝም አለች። እሷም ጥሩ ጠያቂ ናት። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። ለፍላፊ ነበረች። የልምምድ ካሴት ቅጂ ብያት ሽማግሌ መፈለግ ሰንፋ መሰለኝ፣ ከቤት ትንሽ ልጅ ይዛ መጣች። እሱ አንድ ቃል ሲናገር እሷ አምስት ትናገራለች። አበላሽተሽዋል ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ዝም ያለችው።"

"ልጁ ማን ነበር?"

"ስሙን አላስታውስም። ጆሮውን ግን…" ብላ አቆመች።

እኔ አላስታውስም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ብስኩት ገዝታ የሆነ ቢሮ እንደወሰደችኝ ትዝ ይለኛል። የቀረኝ ብስኩቱ ነው።

ግንቦት 27

ሁለት ወር ሙሉ "ሳ.ዐ." የሚል ካርድ ስፈልግ ኖሬ የራሴን ስም አልፈለግኩም። ያን ጊዜ ተለማማጅ ስለነበረች የጠያቂው ቦታ ባዶ ነው። የተናገረው ግን ተጽፏል፤ በሚጠራበት ስም።

ካ
398.21
ዴገዌይን
94

ዴገዌይን። ትልቅ ጆሮ ማለት ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ወረቀቱን ሞልቼ ሰጠኋት። ገብታ ቆየች። ባዶ እጇን ወጣች።

"ቦታው ላይ የለም። የ.21 ሣጥን ትናንት ነው የታሸገው፤ ከፍቼ አየሁት። የለም።"

ማስታወቂያውን አየሁ። ነገ ነው። ከዚያ በሩ ላይ የተቀመጠውን ኢሴን አየሁ። ፋሲካን አሰብኩ። ክሩን አሰብኩ።

"እትዬ፣ ከ.9 በኋላ ይዩት።"

"እዚያ ምን ይሠራል?"

"ሃያ አንድ ከዘጠኝ በኋላ ነው። ለሚቆጥር ሰው።"

ከዘጠኝ በኋላ ነበር። በፋሲካ ሰሞን አንባቢዎች የመለሷቸው አራት ካሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ጀርባቸው እኩል፣ እንደ ፍየል በአንድ መስመር። ኢሴ መጣና አያቸው። "ታዲያ ምን ስሕተት አለው?" አለ።

የመዝጊያ ሰዓት ስለደረሰ፣ "ነገ ጠዋት" አለችኝ። ካሴቱን ሣጥን ውስጥ አላስገባችውም። መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ግንቦት 28

ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ፈተናው ሰኔ 2 ነው፤ ይምጣ።

የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩ። መጀመሪያ ኩሽኩሽታ። ከዚያ እሷ። ሃያ ዓመቷ ነው። ዜና የምታነብ መስሏታል።

"ዛሬ ጥቅምት 12 ቀን 1994። ቦታ፣ ጅግጅጋ። ተራኪ፣ ዴገዌይን። ዕድሜ፣ ዘጠኝ። ሥራ?"

"ሥራ የለኝም።"

"ሥራ የለውም" አለችና ሳቀች። አፍንጫዋ አፏጨ።

ከዚያ ያ ልጅ ስለ ቀበሮና ጅብ ያወራል። ተረት አይችልም። ጅቡን ገና ሲጀምር ገደለው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጅቡ መጣና…"

"ሞቶ አልነበር?"

"ተመለሰ።"

"እሺ። ተመለሰ። ከዚያስ?"

ሃያ ሁለት ደቂቃ። "ከዚያስ?" ያለችው ሠላሳ አራት ጊዜ ነው። ሠላሳ አምስተኛውን አልሰማሁም፤ ካሴቱ አለቀ።

ወይዘሮ ለተሥላሴ መሐረብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሣጥን ልታሽግ ሄደች። ስትመለስ፣ "ከዚህ መውጣት አይፈቀድም። መቅዳትም አይፈቀድም" አለች። "አንባቢ መጥቶ ቢያዳምጥ ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነን። አንባቢ ማለት ወረቀቱን የሞላ ሰው ነው።"

ሮጬ ሆዮን አመጣኋት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ነጠላ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

ኢሴ በበሩ ላይ ቆመ። "ደብ…" አለና ሆዮን አያት። ወንበሩን ከበሩ መሐል አነሳ።

ወረቀቱን የሞላችው ራሷ ናት። እኔ በሌላ ወረቀት ጻፍኩላት፣ እሷ አስመስላ ጻፈች። ካ። ነጥቡን ስትረሳ አሳየኋት። ብዕር ስትይዝ አይቻት አላውቅም ነበር። ወይዘሮ ለተሥላሴ ተቀብላ አነበበችው፣ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር። "ትክክል ነው፣ ወይዘሮ ኬሪያ" አለቻት።

ሆዮ ሰማች። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ጅቡ ሲመለስ ሳቀች። መጨረሻ ላይ ማዳመጫውን አላወልቅ አለች፤ ካለቀ በኋላም ያለውን ኩሽኩሽታ ሰማች። ካሴቱ ሣጥኑ ውስጥ ሲገባ፣ ሣጥኑም ሲታሸግ ቆመን አየን። ቁጥሩ ውጭው ላይ ተጻፈ።

ወደ ቤት ስንሄድ በፍየሎቹ ሕንፃ አጠገብ ጀመርኩ። "ሆዮ፣ ያ ካሴት…"

"እኔ ጋ ነው" አለች። "ቁም ሳጥኑን ስጠርግ አገኘሁት። ኳሱ ሲያልቅ ትመጣለች። ትንሽ ነው የምትናገረው። ሰላም በሏቸው ማለት ላይ ደርሳለች። ዴገዌይንን ሳሙልኝ ትላለች፣ ያልቃል።"

እግሬ ቆመ።

"ኳሱን ሁሉ ነው የምትሰሚው? ለምን አታሳልፊውም?"

"ቁልፉን አላውቀውም። የምትነካው እሷ ነበረች። ከዚያ አንተ። አንተን ልጠይቅህ ደግሞ…" ነጠላዋን አስተካከለች። "በየቀኑ አርባ ደቂቃ ምን አላት? ለምጄዋለሁ።"

ሳለቅስ ፊቷን ወደ ሕንፃው አዞረች፤ ፍየል የምትቆጥር መሰለች። ብዙ ቆጠረች።

በራችን ጋ ስንደርስ፣ "አሥር ቁጥሩ ግን ለምን ወጣ?" አለች።

"ተጎድቶ ነው።"

"እኔም ብዬ ነበር" አለች። "ዐዎ ግን ተባሮ ነው ትላለች።"